ያልደረቀው ሰማያዊ

እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ሊሣሉ መጡና ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አወለቁ፤ ነጠላቸውን አመሳቅለው አጣፉ፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ በግንባራቸው ተደፉ።

ባንችይርጋ ብሩሿን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እትዬ! ምን ሆኑብኝ? አዞርዎት?»

«ምን ያዞረኛል፤ ተደፍቻለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ምንጣፉ ውስጥ እየታፈነ። «በይ ሣይ፣ ጉልበቴ ሳይይዘኝ።»

«ምንዎን ልሣል? ጀርባዎን?»

«የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤልንስ ምኗን ነው የሣሉት? ከኔ ጀርባ የሷ በምን በለጠ?»

ባንችይርጋ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል እትዬ በተወለዱበት፣ ከሙጃ ወዲያ ባለ መንደር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚታዩ ሴት ናቸው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ግድግዳውን ሞልታ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ፣ ሥዕሉን ያሠሩት ወይዘሮ ነጠላ ተከናንበው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተደፍተዋል። ስማቸውም ከጎናቸው ተጽፏል። ያሠራ ሰው በዚያ አገር የሚሣለው እንዲህ ነው፤ ትንሽ ሆኖ፣ ተደፍቶ፣ ከእግር ሥር። እትዬ ሕፃን ሳሉ ቅዳሴ ሲረዝምባቸው ዓይናቸው የሚያርፈው እኝህ ሴትዮ ላይ ነበር።

«እርስዎ አይደፉም። በርጩማው ላይ ነው የሚቀመጡት። ፊትዎን ወደኔ አድርገው።»

«ፊቴን?» ቀና አሉ፤ የምንጣፉ ሰንበሌጥ ግንባራቸው ላይ መስመር አውጥቷል። «ፊቴ ምን ያደርግላታል?»

«ለማን?»

«ለእመቤቴ ነዋ! ከእግሯ ሥር አደርግዎታለሁ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ» አለች ባንችይርጋ፣ ዓይኗን ወደ ቀለም ሣጥኑ አሽሽታ።

ብላ ነበር፤ መካድ አይቻልም።

ነገሩ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ገና ሰሞን ነው። ባንችይርጋ ያኔ ሃያ ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ላሊበላ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያስወርደው መንገድ ዳር ተቀምጣ፣ በቁራጭ ብራና ላይ የሣለቻቸውን ትንንሽ ሥዕሎች ለቱሪስት ትሸጣለች። ሥዕል ያስተማራት ሰው የለም። ጎረቤታቸው መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ስማቸው የታወቀ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ግን «ለሴት ልጅ ቀለም አላስነካም» ስላሉ፣ አሥር ዓመት ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ተማረች። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «አጥሩ» ትላለች። መሪጌታ ይህን ሰምተዋል። ቀዳዳውን ግን አልደፈኑትም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ መቀመጫቸውን ወደ አጥሩ አስጠግተዋል የሚሉ አሉ።

ከአዲስ አበባ የመጣች ሔለን የምትባል ሠዓሊ የባንችይርጋን ሥዕሎች አንድ በአንድ እያነሳች አየችና፣ «እጅሽ ሠርቷል፤ ዓይንሽ ግን ገና ሥራ አልጀመረም» አለቻት።

«የርስዎ ዓይን ከጀመረ ይግዙኛ!»

ሔለን ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። በማግስቱ ልትሄድ ስትል ግማሽ ድረስ የተጨመቁ የዘይት ቀለሞች የያዘ ሣጥን፣ ሦስት ብሩሽና በእጇ የጻፈችበት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ከፋሲካ በፊት አንድ ሥዕል ላኪልኝ» አለች። «ነጠላ ለብሶ የተቀመጠ ሰው፤ ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ፣ እያየሽ የሣልሽው። ፊትን ማንም ይሞክረዋል፤ ሠዓሊን የሚያጋልጠው ጨርቅ ነው። ከወደድኩት ክረምቱን እኔ ጋ ትከርሚያለሽ፤ አስተምርሻለሁ።»

ባንችይርጋ «ዓይንሽ አልጀመረም» የተባለችውን እያሰበች ሦስት ቀን ተናደደች። በአራተኛው ቀን የሚቀመጥላት ሰው ፍለጋ ወጣች።

አንዷ «ምነው፣ ሳልሞት?» አለቻት። አንዱ ፎቶ መስሎት ተቀመጠና ወዲያው «አለቀ?» ብሎ ተነሳ። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴን ስትጠይቃቸው፣ «ሥዕል ውስጥ የሚገባ ሦስት ዓይነት ነው፤ ጻድቅ፣ ያሠራ ሰውና ሰይጣን። እኔን ከየትኛው ልታስገቢኝ ነው?» አሏት።

«ከሦስተኛው ቦታ አለ» ብላቸው ሄደች።

የቀሩት እትዬ ብቻ ነበሩ። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ የአባቷ እኅት ናቸው፤ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ለትምህርት ብለው ከሙጃ አምጥተው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ሠላሳ ዓመት የካህናቱን ነጠላና ጋቢ፣ ቀሚስና ጥምጥም ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በጥምቀት ዕለት ከሩቅ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሰልፍ እኩሌታው የእሳቸው እጅ ሥራ ነው።

«እኔ ምን አሠርቼ እሣላለሁ?» አሉ መጀመሪያ።

«ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ልብስ አጥበው፤ አይበቃም?»

«ማጠብና ማሠራት አንድ ነው እንዴ? ልብስ ነገ ይቆሽሻል። ሥዕል ይኖራል።» ከዚያ ባንችይርጋ ሰምታባቸው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ከእመቤቴ እግር ሥር የምታደርጊኝ ከሆነ ግን... ጥግ ላይ፣ ትንሽዬ አድርገሽ...» አሉ።

ባንችይርጋ ቸኩላ ነበር። «እሺ፣ አደርግዎታለሁ» አለች። ሔለን የጠየቀችው አንድ የተቀመጠ ሰው እንጂ ሌላ እንዳልሆነ በልቧ ታውቃለች። በኋላ እነግራቸዋለሁ ብላ አሰበች። ያ በኋላ የሚባለው ጊዜ ግን ሁዳዴ ገብቶ ሊወጣ እስኪል ሳይመጣ ቀረ።

ሥራው የሚሠራው በድንጋይ ቤታቸው ፎቅ ላይ፣ በምሥራቁ መስኮት አጠገብ ነበር። ፀሐይ ከአሸተን ተራራ ጀርባ ዘግይታ ነው የምትወጣው፤ ወጥታ በመስኮቱ የምትገባው ደግሞ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት እትዬ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፤ ባንችይርጋ ደግሞ ከበሬ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ያጠነከረችውን፣ በእንጨት የወጠረችውን አቡጀዴ ፊቷ ታቆማለች።

የመጀመሪያው ችግር የነጠላው ነበር። ባንችይርጋ እጥፋቱን አይታ ጀምራ በማግስቱ ስትመለስ እጥፋቱ የለም። እትዬ ሰኞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ አመሳቅለው ነው የለበሱት። ማክሰኞ ለቅሶ ደርሰው ስለመጡ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው አንገታቸው ሥር አድርገውታል። ረቡዕ ከገበያ ሲመጡ ወገባቸው ላይ አስረውታል።

«እትዬ፣ እንደ ሰኞው ይሁንልኝ!»

«ማክሰኞ ለቅሶ ቤት እንደ ሰኞው ለብሼ ልሂድልሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ለቅሶ ቤት አይደለም፤ እዚህ ሲመጡ።»

«እዚህስ ሰው የለም? አንቺ ሰው አይደለሽም?»

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ባንችይርጋ ከአጥሩ ቀዳዳ የለመደችው ልብስ ሁሉ መስመር ነው። መሪጌታ የጻድቃንን ካባ ሲሥሉ ከትከሻ እስከ እግር ጎን ለጎን መስመር ያወርዱበታል፤ ያ እጥፋት ነው። ያምራልም። እሷም ብሩሿን በግራጫ ነክራ በእትዬ ደረት ላይ እንደዚያው አወረደች። ሦስት ቀን የለፋችበትን እትዬ ተነስተው አዩትና አገጫቸውን ያዙ።

«ምነው ልጄ፣ ደረቴን አረስሽው?»

«እጥፋት ነው።»

«ትልም ነው። ጤፍ ብትዘሪበት ይበቅላል።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ የግራ ላይኛ ጥግ፣ ገና ምንም ወዳልተሠራበት ቦታ አነሱ። «እመቤቴ እዚህ ነው የምትሆነው?»

ባንችይርጋ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። «እስቲ ይቀመጡ፣ ብርሃኑ ሊሄድብኝ ነው» ነው ያለችው።

«ጠበበ እንጂ» አሉ እትዬ። «ለሷም ይጠባታል። እኔን አሳንሺኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ሲቀመጡ ዓይናቸው ወደ ባንችይርጋ አልመለስ አለ። ከመስኮቱ በላይ፣ ማገሩና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጥግ ያያሉ። «ወደኔ ይዩ» ስትላቸው ይመለሳሉ፤ ብሩሽ እስክትነክር ተመልሰው እዚያው ናቸው። አገጫቸው ትንሽ ከፍ ይላል፤ እጃቸውም ጉልበታቸው ላይ ቄስ ፊት እንደተቀመጡ ሆኖ ይሰበሰባል። ባንችይርጋ በመጨረሻ ሰለቻትና እንደሆኑት ሣለቻቸው።

ጨርቁ ግን አልሆን አለ። ነጭ ቀለሙ ደግሞ እያለቀ ነው። የሔለን ወረቀት ላይ «ጥላውን አስቀድሚ። ነጩን ቆጥቢ» ይላል፤ ባንችይርጋ ግን ሰው ያለውን ተከትላ አታውቅምና ነጠላውን ሁሉ በነጭ ለቅልቃው ነበር። በአንድ ቅዳሜ ነጠላው ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሎ ስታየው ብሩሿን ወርውራ ከቤት ወጣች፤ እግሯም ከከተማው በታች ወዳለው ምንጭ ወሰዳት። እትዬ እዚያ እያጠቡ ነበር።

ፊቷን አዩት። ከሳፋው ውስጥ ውኃ የጠገበ ጋቢ ጎትተው አወጡና ጫፉን ሰጧት።

«ያዢልኝ፤ በአንድ እጅሽ። ከፍ አድርጊው።»

ከበዳት። ውኃው እግሯ ላይ ይወርድ ጀመር።

«የት ላይ ከበደሽ?»

«እዚህ። ጣቴ ላይ።»

«አሁን እጥፋቱን እይው። ከየት ይነሳል?»

አየችው። እጥፋቱ በሙሉ ከጣቷ ሥር ይነሳል። ጎን ለጎን አይወርድም፤ ከያዘችበት ቦታ እንደ ወንዝ ገባር ይለያያል፣ ይሰፋል፣ አንዱ ሌላውን ይደርባል፣ እታች ሲደርስ ደክሞት ይተኛል።

«ጨርቅ የተያዘበት ቦታ አለው» አሉ እትዬ፣ በሌላ እጃቸው ቀሚስ እየጨመቁ። «ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ተይዟል፤ ክንዴ ላይ ተይዟል፤ ጉልበቴ ላይ አርፏል። ሦስት ቦታ ነው። ሌላውን ማንም አይሠራውም፤ ራሱ ይወርዳል። አንቺ ግን እያንዳንዱን ልትይዢው ትፈልጊያለሽ። ከልጅነትሽም እንዲሁ ነሽ።»

ከዚያ ለመጨረሻ ማለቅለቂያ የቀረበውን የንጹሕ ውኃ ሳፋ ጎትተው፣ ከትንሽ ወረቀት ውስጥ ቆንጠር አድርገው ሰማያዊ ዱቄት በተኑበት። ውኃው እንደ ሰማይ ሆነ። ነጩን ልብስ እዚያ ውስጥ ነከሩት።

ባንችይርጋ ይህን ሲያደርጉ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች። ያን ቀን ግን አፏን ከፍታ ቀረች።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው ሰማያዊ የሚያደርጉበት?»

«እንዲነጣ ነዋ። እንዲሁ ብትተዪው ቢጫ ይሆናል።»

በሩጫ ነው የተመለሰችው። ነጠላውን በሙሉ በቢላ ፋቀችው። ጥላውን በሰማያዊና በትንሽ አፈር ቀለም አስቀደመች፤ ትከሻው፣ ክንዱና ጉልበቱ ላይ የተያዘበትን ምልክት አደረገች፤ ከዚያ ጨርቁን ተከትላው ወረደች። ነጭ የተባለው ቀለም ሦስቱ ቦታ ላይ ብቻ፣ ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበት ላይ ገባ። የቀረው ሰማያዊ ነው፣ ግራጫ ነው፣ በጥለቱ በኩል ቀይ የጠጣ ነው። ርቃ ስታየው ግን ነጭ ነው። በሙጃም በላሊበላም እንደዚያ የነጣ ነጠላ የለም። ብቻዋን ፎቅ ላይ ቆማ እልል አለች፤ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ከአጥሩ ማዶ «ማን ወለደ?» ብለው ጮሁ።

ከዚያ ወዲህ እትዬን ሥዕሉን አላሳየቻቸውም። ስትጨርስ በአሮጌ ነጠላ ትሸፍነዋለች። «እስኪያልቅ አይታይም» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «ልክ ነሽ፤ ሳይባረክ አይታይም» ይላሉ። እሷ የፈራችው ያን ባዶ ጥግ ነው። ጥቁር ቡናማ ቀብታዋለች፤ ለብቻዋ ስታየው ያ ጸጥ ያለ ጨለማ ከነጠላው ንጣት ጋር ሲሆን ደስ ይላታል። ከሥዕሉ ሁሉ እሱን ነው የምትኮራበት።

መሪጌታ አንዳንድ ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው ፎቁን ይወጣሉ፤ የሚወጡበት ምክንያት ሁልጊዜ አላቸው፤ ወይ ቢላ ሊዋሱ ነው፣ ወይ ድመታቸውን ፈልገው።

«እስካሁን አልደረቀም?» ይላሉ በጣታቸው ሊነኩ እየቃጡ።

«ይተዉት! የዘይት ነው፤ ሳምንት ይፈልጋል።»

«የኔ ቀለም አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሳልጨርስ ይደርቃል። ይህ ሲደርቅ እኔ ተዝካሬ ይወጣል። ለመሆኑ በሁዳዴ ይፈቀዳል?»

«ዘይት አያስገድፍም፤ ቅቤ አይደለም።»

«ምላስሽስ?»

ከሆሣዕና በፊት ባለው ረቡዕ ሥዕሉ አለቀ። ደርበው የሚባል የአስጎብኚ መኪና ሹፌር ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ይዞላት ሊሄድ ተስማምቷል። እንዳይነካ ተብሎ ጥልቀት ያለው የእንጨት ሣጥንም ተሠርቶለታል። ከዚያ በላይ ማሳየቱን ማዘግየት አልተቻለም።

እትዬ መሸፈኛው ሲገለጥ መጀመሪያ ፊታቸውን አላዩም።

«ነጠላዬ!» አሉ። «እዪው፣ በመርፌ የጠቀምኳት ቦታ እንኳ አለች! ማን ነው እንዲህ ያጠበልኝ?» ሳቁ። ቀጥለው ፊታቸውን አዩ፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «እናቴን መስያለሁ።» ከዚያ ዓይናቸው ወደ ግራው ጥግ ወጣ። ጥቁር ቡናማ ነው። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመልሶ ጥጉ ላይ ቆመ።

«እመቤቴስ?»

ባንችይርጋ የገለጠችውን አሮጌ ነጠላ እጇ ላይ ጠቀለለችው።

«እትዬ... የጠየቀችኝ ሴትዮ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለችው። ብቻዎን ያምራሉ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢረግሟት ይሻላት ነበር። እትዬ ግን ሥዕሉን ደግመው አዩትና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ።

«እሺ ልጄ። ቦታው አልበቃሽም፤ አይደል? ጠባብ ነው ብዬሽ ነበር እኮ።» ጫማቸውን አድርገው፣ ደረጃውን ግድግዳ እየያዙ ወረዱ።

ያን ቀን ባንችይርጋ የሚጣላት ሰው ፈለገች፤ ያገኘችው ድመታቸውን ሊፈልጉ የወጡትን መሪጌታ ነው።

«ምን ያያሉ? ይሳቁብኝ እንጂ! ከእመቤታችን እግር ሥር አደርግዎታለሁ ብዬ ዋሸኋቸው፤ በቃ!»

መሪጌታ አልሳቁም። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሥዕሉን አዩት፤ ቆይተው፣ «እኝህ ሴትዮ ምን እያዩ ነው?» አሉ።

«ምንም። ጣሪያ።»

«ጣሪያ ሲያይ ሰው እንዲህ ይሆናል? አምሳ ዓመት ሥዬአለሁ፤ ጣሪያ የሚያይ ሰው እጁን እንዲህ አይሰበስብም።» በመቋሚያቸው ጫፍ ጥቁሩን ጥግ አመለከቱ። «እሳቸው አርባ ቀን ሙሉ አይተዋታል። ያላየሻት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ብለው ወረዱ። ድመቷ አጥሩ ላይ ተኝታ ነበር፤ አልጠሯትም።

ባንችይርጋ ሥዕሉ ፊት ቁጭ አለች። «ዓይንሽ ገና ሥራ አልጀመረም» የተባለችው ትዝ አላት፤ ደግማ ተናደደች፤ ይህን ጊዜ ግን በሔለን አይደለም። የኮራችበት ጸጥ ያለ ጨለማ አሁን ስታየው የተዘጋ በር ሆነባት። እትዬ በሩ ይከፈታል ብለው ተቀምጠዋል፤ እሷ በገዛ እጇ ዘግታባቸዋለች። ሔለን አንድ ሰው ብላለች። ባትወደውስ? ክረምቱ ቢቀርስ? ይህን ጠየቀች፤ መልሱንም አልወደደችውም፤ ግን ተነስታ የራሷን ጋቢ ውኃ ውስጥ ነከረችና ከማገሩ ላይ፣ በአንድ ቦታ ብቻ በሚስማር ያዘችው።

ሐሙስና ዓርብ በዚያች የአንድ ሰዓት ተኩል ብርሃን ሣለች። የቀራትን ሰማያዊ ቀለም እስከ ጫፉ ጨመቀችው። ከግራው ላይኛ ጥግ፣ ከሥዕሉ ውጭ የሆነ ቦታ ላይ የተያዘ ከባድ ሰማያዊ ልብስ ወደ ታች ወረደ፤ እየተለያየ፣ እየሰፋ፣ እስከ እትዬ ትከሻ ድረስ መጣ። ጫፉ ሲያበቃ ከሥሩ የአንድ እግር አውራ ጣት ብቻ ብቅ አለ። ሌላ ምንም የለም። ፊት የለም፣ ሕፃን የለም፣ የወርቅ አክሊል የለም።

ዓርብ ከሰዓት መሪጌታ ሲያዩት ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

«ግማሽ እመቤታችን! ግማሽም አይደለች፤ ቁራጭ ናት! የታለ መልኳ?»

«እርስዎ ያሠራውን ሰው ስንት እጥፍ ያሳንሱታል ከእሷ?»

«ስድስት። ሰባት።»

«እኔም ልኩን ጠብቄአለሁ። እትዬ ይህን ያህል ከሆኑ እሷ ስንት ትሆናለች? አቡጀዴው አልበቃትም።»

መሪጌታ በጣታቸው አየሩን ለኩ። ወደ ላይ፣ ከሥዕሉ ወጥተው፣ ማገሩን አልፈው። ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ገባ። «አጥሩን መድፈን ነበረብኝ» አሉ።

እትዬ ከሠርክ ጸሎት ሲመለሱ ባንችይርጋ «አንዴ ይውጡልኝ» ብላ ለመነቻቸው። ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፋ መሬት ላይ አስቀምጣዋለች፤ መሪጌታም ገና አልወረዱም። እትዬ ከደረጃው ጫፍ ላይ ሆነው አዩትና ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን አመሳቅለው አጣፉ። ቀስ ብለው ቀርበው ተንበረከኩ።

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ለባንችይርጋ የገባት ዘግይቶ ነው። እትዬ በሕይወታቸው ሙሉ ሥዕል ፊት ሲደርሱ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚያውቁት ሥዕልም ሁሉ የደረቀ ነው።

«እትዬ! አልደረቀ...!»

ግንባራቸውን ሰማያዊው ጫፍ ላይ አሳርፈው ነበር። ቀጥለው ሳሙት። ከዚያ ቀና አሉ፤ ግንባራቸው ሰማያዊ፣ አፍንጫቸው ሰማያዊ፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ።

«ምን አልሽኝ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጥለው ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው። ባንችይርጋ ጨርቅ በጋዝ ነክራ ወደ ሥዕሉ ሮጠች፤ እዚያ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። በሰማያዊው ጫፍ ላይ የእትዬ ግንባር ታትሟል። የግንባራቸው መስመሮች አራት ቀጫጭን ትልም ሆነው ቀለሙ ላይ ቀርተዋል፤ ከሥራቸውም የከንፈራቸው ምልክት አለ።

«ስማቸውን የት ልትጽፊው ነበር?» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያ ራሳቸው ጻፉት። ተይው።»

ጨርቁን መለሰች። የእትዬን አፍንጫና ከንፈር በጋዙ ጠረገችላቸው። ወደ ግንባራቸው ስትመጣ ግን እጇን ያዟት።

«እሱን ራሴ አጥበዋለሁ። ስንት ቆሻሻ ያስለቀቅኩ ሴት ነኝ!»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ደርበው ጥሩምባውን ነፋ፤ ሣጥኑ ተዘግቶ ሄደ። ባንችይርጋ ለሔለን በጻፈችው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፤ «ጫፉ ላይ ያለው ጉዳት አይደለምና እንዳትነኪው።» ሔለን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቴሌ ድረስ አስጠርታት «ነይ» ስትላት፣ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለዚያ ጫፍ ነበር። ያ ግን ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

እሑድ ሆሣዕና ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ የተባረከውን ዘንባባ እየሰነጠቀ ግንባሩ ላይ ያስራል። ባንችይርጋ በሕዝቡ መካከል እትዬን ስትፈልግ ከሩቅ ለየቻቸው። እሳቸውም ዘንባባ አስረዋል፤ ግን እንደ ሌላው ሰው ግንባራቸው ላይ አላሰሩትም፤ ከፍ አድርገው፣ ወደ ፀጉራቸው ገፍተውታል። ከሥሩ፣ በሁለቱ ቅንድባቸው መካከል፣ ያ ሰማያዊ እንዳለ ነው።

«አልለቀቀም እትዬ?»

«የት ይለቃል!» አሉ ዓይናቸውን ወደ ሌላ እያዞሩ። «እንዶድም ሞከርኩ፤ ሳሙናም ሞከርኩ። ምን ዓይነት ቀለም ነው የሰጡሽ እቴ!»

ባንችይርጋ ቀረብ ብላ አየችው። ውኃ ያልነካው መሆኑ ያስታውቃል፤ ገና አልደረቀም። እጇን አንስታ፣ ወደ ታች ሊንሸራተት ያለውን ዘንባባ መልሳ ወደ ላይ ገፋችላቸው።